የመደዳችን መብራት በጨረታ

መብራት ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። መብራት ካልገዛሁ ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አዲስ መብራት አልነበረም፤ ያገለገለ፣ ጫፉ የጠቆረ፣ እኔው ራሴ ድሮ ሸጬ የተገላገልኩት ፍሎረሰንት ነው። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ እንደሆነ ባወራሁት ቁጥር ዛሬም ልቤ ይመታል።

ሱቃችን መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊትና ፊት የተፋጠጠ አንድ ጠባብ መደዳ ውስጥ ነበር። ኩንታል የተሸከመ ሰው ከመጣ ሁላችንም ወደየሱቃችን ገብተን እናሳልፈዋለን። ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቀውም። ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ይበራል። መብራት የጠፋ ቀን ጨርቅ ገዢው ቀለሙን ለማየት ጨርቁን ይዞ ወደ አስፋልት ይወጣል፣ ሻጩ ደግሞ ይዞብኝ እንዳይጠፋ ብሎ ከኋላው ይከተለዋል። እኔ የምሸጠው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነበር፤ ሶኬት፣ ገመድ፣ አምፖል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንን ረጅሙን ፍሎረሰንት። የመደዳውን መብራት በሙሉ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የማንም መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የምሰደበውም እኔ ነበርኩ።

ከሁሉም የሚብሱት ፊት ለፊቴ ብትን ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው። ሰውን ሲያስቁ ውለው እሳቸው ጥርሳቸውን የማያሳዩ ሰው ናቸው። ፍሎረሰንቱን የሚያስነሳው ስታርተር ሲደክም መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያኔ ከወንበራቸው ሳይነሱ ይጠሩኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ መብራትሽ ዛሬም ትጠቅሰኛለች። ባለቤቴ ብትመጣ ምን እላታለሁ?»

«ስታርተር ይግዙላትና ትታረም» እላቸዋለሁ።

«በነፃ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ትጥቀሰኝ።»

መደዳው ይፈርሳል ሲባል ኖረ። ሲባል ስለኖረም ማንም አላመነም፤ ከዚያ አንድ ቀን እውነት ሆነ። ነጋዴው ተሰባስቦ፣ አክሲዮን ገብቶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። እኔም ገብቻለሁ፣ አላማርርም። ግን ፎቁ እስኪያልቅ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አገኘሁ፣ ሐጂ ወደ አውቶቡስ ተራ ወረዱ፣ ሌላው የት እንደገባ በስልክ ካልሆነ አይታወቅም። አዲሱ ሱቄ ውስጥ ያለው ኤልኢዲ መብራት ነው። ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ አይጠቅስም፣ አይንጣጣም። የሚሰድበኝ ሰው ግን ጠፋ፤ ይሄ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መደዳው ሊፈርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት ልጅ መጥታ ነበር። ቀጭን፣ ጸጉሯን የተላጨች፣ ጫማዋ ላይ ቀለም የተደፋባት። ያገለገለ ፍሎረሰንት እፈልጋለሁ አለች። ቆራሌው በሴትም ጀመረ እንዴ ብዬ አየኋት።

«የተቃጠለውን ነው?»

«የሚበራውን። ከየሱቁ አንድ አንድ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ላቆመው ነው» አለች።

ማቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ዕቃ በማሸግ ላይ ስለነበርኩ ነገረ ሥራዋ አልተዋጠልኝም። ቀራፂ እንደሆነች፣ በብረትና በመብራት እንደምትሠራ ለሐጂ ስታስረዳቸው ሰማሁ። ሐጂ ሳይጠየቁ ፈቀዱ፣ ሌላውም ተከተለ። ሽቦውን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ የማወርደውም እኔ ሆንኩ፤ መሰላል ተሸክሜ ከሱቅ ሱቅ ዞሬ፣ ሰብስቤ፣ በካርቶን ጠቅልዬ አስረከብኳት። ከዚያ የቤት ማፍረሱ ወከባ መጣና ረሳኋት።

ከዓመት በኋላ ደወለች። «እትዬ፣ አልቋል፤ መጥተው ይዩልኝ» አለችኝ። ምኑ ነው ያለቀው ልላት ነበር፤ ግን ከሱቅ መውጫ ሰበብ እየፈለግኩ ስለነበር ሄድኩ። ከጄነሬተር መጠገኛ ጀርባ የተከራየችው ባዶ መጋዘን ነው። በሩን ዘጋች፣ የክፍሉን መብራት አጠፋችና በጨለማው ውስጥ አንድ ማብሪያ ተጫነች።

ፍሎረሰንት ባንዴ አይበራም። አንዱ ቀድሞ ቦግ ይላል፣ አንዱ ሁለቴ ሦስቴ ያመነታል፣ አንዱ ሌሎቹ ሁሉ ከበሩ በኋላ እንደ ምንም ይነቃል። እነዚህም እንደዚያ እየተጠባበቁ በሩ። ጠዋት ጠዋት መደዳው የሚነቃው ልክ እንደዚያ ነበር፤ አንዱ በጊዜ ይከፍታል፣ አንዱ ያረፍዳል፣ አንዱ ቁልፉን ረስቶ ተመልሶ ይሄዳል። በጥቁር ብረት ላይ ቆመው፣ ሁለት ሰልፍ ሠርተው ተፋጥጠዋል። በመሃል አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ትታለች። ሳልጠየቅ ገባሁበት።

ሌላ ሰው ቢያየው ነጭ መብራት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ስሸጣቸው የኖርኩ ነኝ፤ ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ወደ ቢጫ የምታደላው የሐጂ ናት፤ ጨርቅ ታሳምርልኛለች ብለው ከእሷ ሌላ አይወስዱም ነበር። ጫፏ ላይ ቀይ ዱቄት የተጋገረባት የበርበሬ ነጋዴዋ ናት። ግርጌዋ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያለባት ደግሞ የእኔ፤ የሱቄን በር አረንጓዴ ሳስቀባ ከብሩሹ የተፈናጠረ ቀለም ነው። ልጅቷ አንዱንም አልወለወለችውም። አለቀስኩ ብል እዋሻለሁ። ሳቅኩ። ብቻዬን መሃል ላይ ቆሜ እንደ እብድ ሳቅኩ፤ እሷም ምን እንደሚያስቀኝ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች።

«ስንት ነው?» አልኳት። የመርካቶ ሰው ሌላ ጥያቄ አያውቅም።

«ለእርስዎ ብሰጥዎ ደስ ባለኝ፤ ግን ለጨረታ ሰጥቼዋለሁ፣ ፈርሜያለሁ» አለች። «በሚቀጥለው ወር ሆቴል ውስጥ ይቀርባል።»

«ማን ይገዛዋል ብለሽ ነው?»

«ባንኮች ይገዛሉ፣ ድርጅቶች ይገዛሉ። መግቢያቸው ላይ ለማቆም።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። መደዳችን የሆነ ፎቅ መግቢያ ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባ ጎን ቆሞ፣ ሰው በስልኩ እያወራ ሲያልፈው ታየኝ። የሐጂን መብራት ጥቅሻ ማን ሊያውቅላት ነው? የእኔን አረንጓዴ ነጥብ የጽዳት ሠራተኛ በቤንዚን ታጠፋዋለች። እኔ ነኝ የምገዛው አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈልጌያለሁ፤ እንደዚያ ዕቃ የፈለግኩት ነገር ግን ትዝ አይለኝም።

ቤቴ ገብቼ ግድግዳውን ለካሁ። ቡፌው ካልወጣ አይበቃም። የሰርጌ ቡፌ ነው፤ በሳምንቱ ለእህቴ ሰጠሁት፣ ብርጭቆውን በካርቶን አድርጌ አልጋ ሥር ከተትኩት። ዕቁቤ ተራው ገና ስለነበር ከአንዲት ሴት ጋር ተለማምጬ ተቀያየርኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ባዶውን ግድግዳ አየችና «እማዬ፣ መብራት ሱቅ እያለሽ መብራት በጨረታ ልትገዢ?» አለች። አንቺ አይገባሽም አልኳት። ለእኔም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር፤ ብቻ ጠዋት ስነሳ ያ ግድግዳ በርቶ ይታየኝ ነበር።

የጨረታው ቀን ሐጂን ይዤ ሄድኩ። አዲስ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ኮት ደርበው፣ ሽቶ ተቀብተው ነው የመጡት። ታክሲ ውስጥ ጨረታ ታውቂበታለሽ ወይ አሉኝ።

«ያደግኩት በጨረታ ነው እኮ» አልኳቸው።

ይሄ እውነት ነው። አባቴ በደብራችን ዓመታዊ በዓል ላይ ጨረታ አያመልጠውም ነበር። ሰው ለስዕለት ያመጣው ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ሻማ፣ አንዳንዴም ሙክት በግ፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በግቢው ውስጥ በማይክ ይጫረታል። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ እዚያ ያሸነፈ ሰው ዕቃውን ይዞ አይሄድም። ገንዘቡን ይከፍልና «መልሻለሁ» ይላል። እልልታው ይቀልጣል፣ ጃንጥላው እንደገና ለጨረታ ይቀርባል፣ ሌላው ያሸንፋል፣ እሱም ይመልሳል። አንድ ጃንጥላ እንደዚያ ሲዞር ይውላል። እኔ አባቴ እግር ሥር ተቀምጬ፣ ገና እጁን ሲያነሳ እሱን ቀድሜ «መልሰናል» እያልኩ እጮህ ነበር፤ ሰውም ይስቅልኛል። በዓሉ ነሐሴ ላይ ስለሆነ ዝናቡ አይጣል ነው። እናቴ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ በጭቃው እየሄደች አባቴን ትነዘንዘዋለች፤ «ከዚህ ሁሉ ከገዛኸው ጃንጥላ አንዱን እንኳ ይዘህ ብትገባ ምን ነበረበት?» ሐጂ ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

የሆቴሉ አዳራሽ ምንጣፉ እግር ይውጣል። ሰዉ ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ ታማሚ የተኛበት ቤት ይመስላል። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ሰጡን። ሐጂ አልቀበልም አሉ። «እኔ አማካሪ ነኝ» አሏት አስተናጋጇን። ምክራቸውም አንድ ነበር፦ ፊትሽን አጥቁሪ፣ እንደፈለግሽው እንዳይታወቅ። መርካቶ ውስጥ ይሄ ይሠራል፤ ዕቃውን ወርውረሽ ስትሄጂ ሻጩ ራሱ ይጠራሻል። እዚህ ግን ፊቴን ባጠቁርም ባቀላም እጄን ካላነሳሁ ማንም አይጠራኝም።

መጀመሪያ ሥዕሎች ቀረቡ። አጫራቿ ሱፍ የለበሰች፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ወጣት ናት። ሥዕል ሲሸጥ ሰዉ በጣቱ ጫፍ ነው የሚያጨበጭበው። ትዕግሥቴ አለቀ። ከዚያ የአዳራሹ መብራት ተቀነሰ፣ መጋረጃ ተገለጠና መደዳችን እየተጠባበቀ በራ። የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸው በብርሃኑ ነጣ። ሐጂ ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳረፉ።

«ጠቀሰችኝ» አሉ ቀስ ብለው። እውነትም የእሳቸዋ አንዴ ድርግም ብላ ነበር።

መነሻው ተጠራ። አነሳሁ። አንድ ፈረንጅ አነሳ፣ አንዲት ወርቅ ያጠለቀች ሴት አነሳች፣ ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት የተቀመጠ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ አነሳ። ፈረንጁ ቶሎ ተወው። ሴትዮዋም ከጎኗ ያለው ሰው ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሲላት አቆመች። ቀረን እኔና ግራጫ ኮት። የሚታየኝ ጀርባውና ትልልቅ ጆሮዎቹ ብቻ ናቸው። እኔ ሳነሳ ያነሳል። ዞር ብሎ እንኳ አያይም። በቃ የባንክ ሰው ነው አልኩ፣ በራሱ ገንዘብ አይደለም የሚጫረተው፣ ምን ቸገረው። በልቤ ያልሰደብኩት የለም። ሐጂ «ቀስ፣ ቀስ» ይሉኛል፣ እኔ ሰሌዳዬን ማውረድ ትቼ እንደያዝኩት ቀረሁ። ተናድጃለሁ፣ ደስታው ግን ሌላ ነው፤ እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ ከልጅነቴ ወዲህ አላውቅም።

ሰውዬው አመነታ። ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ጊዜ» አለች አጫራቿ። «ሁለት ጊዜ።» ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «ሦስት ጊዜ።» መዶሻዋን መታች። «ለሴትዮዋ ተሸጧል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ሰዉ በጣቱ ጫፍ አጨበጨበ። እልል የሚል የለም። እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፣ የሆነ ነገር የሚጠብቅ መሰለኝ። አፌ ለብቻው ተከፈተ።

«መልሻለሁ» አልኩ። «ደግማችሁ ተጫረቱ።»

አጫራቿ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። ግዢውን ሰረዙት ማለት ነው?»

«ምን አሰረዘኝ? እከፍላለሁ። ዕቃው ግን ተመልሷል።»

ይቺን ሁለተኛዋን የተናገርኩት በንዴት ነው። ቃሏን አጠፈች ሊሉኝ ነው ብዬ። የመርካቶ ሰው ፊት ቃል አጣፊ ከመባል እዚያው ምንጣፉ ውስጥ መስጠም ይሻላል። አጫራቿ ግራ ገብቷት አዘጋጆቹን ስታይ ሐጂ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ልጆች፣ እኔ ላስረዳችሁ» አሉ። «እነሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው። ያሸነፈው ይከፍላል፣ ዕቃውን ይመልሳል፣ እንደገና ይሸጣል። እኔ መስጊድ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ግን ሰፈራችን አንድ ስለሆነ በየዓመቱ በማይክ እሰማዋለሁ። እሷ ይህን የሠራ ሰው ሁለቴ ይጠቀም ብላ ነው።»

ከኋላ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት እልል አሉ። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ በመዳፉ ሙሉ ነው የሚያጨበጭበው። ቀራፂዋ ልጅ ግድግዳው ጋ ቆማ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አዘጋጆቹ ተመካከሩና ይሁን አሉ። እኔ ለጠቅላላው አዳራሽ እንደደገሰ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ቡፌውስ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ግድግዳው ባዶ ነው። ዕቁቤ አልቋል። የፈለግኩት ዕቃ እጄ ገብቶ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ አፌ አውጥቼ ሰጠሁት። ተነስቼ ተሳስቼ ነው ልበል? ያ ሁሉ ሰው ካጨበጨበ በኋላ? ልጅቷ እንደዚያ እያየችኝ? ራሴን በጥፊ ብመታው በወደድኩ።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ዓለም ነበር። ቅድም ዝም ብለው የተቀመጡት ሁሉ ሰሌዳ ያነሳሉ። ይጠራራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አጫራቿም ድምፅዋ ከፍ ብሎ የገበያ ሰው መስላለች። እኔም አነሳሁ። በምን እንደምከፍል አላውቅም፣ ብቻ አነሳሁ። ሐጂ ክንዴን ይዘው አወረዱት።

«ሁለቴ ልትገዢው ነው እንዴ?»

«የራሴ ነው እኮ!»

«ነበር» አሉኝ። «ከእጅሽ ወጥቷል።»

እንደገና ላነሳ ስል እጄን አልለቀቁልኝም። ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በመጨረሻ የቀረው ግራጫ ኮት ነበር። መዶሻው ተመታ። አሁን አዳራሹ ልማዱን ተምሯል፤ ሁሉም ሰው ፀጥ ብሎ ወደ ሰውዬው ዞሮ ይጠብቃል። እኔም ጠበቅኩ። ከመለሰው ምናልባት ሰዉ ሁሉ ደክሞት ለእኔ ይቀር ይሆናል ብዬ፣ ከሐጂ ተበድሬም ቢሆን ብዬ፣ ሰሌዳዬን ጨበጥኩ።

ሰውዬው ተነሳ። ሲዞር አየሁት፤ የአርባ ዓመት ሰው ቢሆን ነው፣ ፊቱ አልቦታል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «እኔ አልመልስም። ይዤው ልሄድ ነው የመጣሁት።»

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አብዛኛው አጨበጨበለት። እኔ ግን ዓይኔ ጨለመ። «የባንክ ሰው ነው፣ ይሄው!» አልኳቸው ለሐጂ።

ሻይና ብስኩት ሲዞር ሰዉ መብራቱን ከበበው። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬውንም አንድ ነገር ልናገረው ነበር፤ ቢያንስ አረንጓዴዋን እንዳታስወለውል ልለው። እሱ ግን ቀድሞኝ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«እትዬ፣ አላወቁኝም አይደል?»

አላወቅኩትም።

«የቁልፍ ሻጩ ልጅ ነኝ።»

የመደዳው መግቢያ ላይ ጓጉንቸርና ቁልፍ የሚሸጡ ጋሼ ነበሩ። መደዳው ከፈረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ነው ያረፉት። ለቅሷቸው ላይ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጢሙን አሳድጎ ጥግ የተቀመጠ ሰው አይቼ ነበር፤ ሐዋሳ የሚሠራው ልጃቸው ነው ብለውኛል። ይሄው እሱ ነው። ጆሮዎቹንስ እንዴት አላወቅኳቸውም? የአባቱ ጆሮዎች ናቸው።

«ሲገቡ አይቼዎታለሁ፤ ከእርስዎ ጋር ስጫረት አፍሬ ነበር» አለ። «መጀመሪያ ላይም የተውኩት ለዚያ ነው። በኋላ ሲመልሱት ግን ዕድሌ ነው አልኩ። ከሐዋሳ መጥቼ ሱቁን አንዴ ልየው ስል አጥር ነው የጠበቀኝ። አንድም ዕቃ አልቀረልኝም፣ ቁልፎቹንም ሰው ወስዷቸዋል። ልጅቷ ደውላ የአባቴም መብራት አለበት ስትለኝ ነው የመጣሁት።»

ያን ሁሉ ስድብ መልሼ መዋጥ አልችልም።

«የአባቴ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኳት» አለ። «አላውቅም አለች። ሁሉንም ከየሱቁ ያወረዱት እርስዎ ናቸው፣ እሳቸው ያውቃሉ አለችኝ።»

አውቃለሁ። የመደዳውን መብራት ስሰበስብ ጋሼ የራሴን እኔው ነኝ የማወርደው ብለው ድርቅ አሉ። በርጩማቸው ላይ ወጡ። አውርደው ሊሰጡኝ ሲዞሩ ከበሩ ጉበን ጋር ተጋጨና እግራቸው ሥር ዱቄት ሆነ። ሁለቱን ብረት ጫፎች በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ፤ «እኔ ቁልፍ እንጂ መብራት አይሆንልኝም» ብለው ሳቁ። ልጅቷ መደዳው ሌላኛው ጫፍ ላይ ስለነበረች አላየችም። ስብርባሪውን እኔና እሳቸው ነን የጠረግነው። የጋሼ መብራት እዚያ ውስጥ የለችም።

ልጃቸው ይጠብቀኛል። ከመብራቶቹ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ መብራቶቹ እያየ ይጠብቀኛል። ሐጂ ሻያቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል።

«ያቻትና» አልኩት። «ግርጌዋ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያለባት።»

ወደ መሃል ገባ። ተንበርክኮ ነጥቧን በጣቱ ነካት። ኮቱ፣ እጁ፣ ጆሮዎቹ በእሷ ብርሃን ነጡ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳይነሳ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው። በሩ ሲቀባ የተፈናጠረ።»

«በራችን አረንጓዴ ነበር እንዴ?»

«አረንጓዴ ነበር» አልኩት።

ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ያንን የእኔን ሱቅ አረንጓዴ በር ከወንበራቸው ሳይነሱ ስንት ዓመት ሲያዩት የኖሩ ሰው ናቸው። ሻያቸውን ፉት አሉ።

«አረንጓዴ ነበር ልጄ» አሉት።